የአጥንት ጤንነትና የጎንደር የሕዝብ ጤና ትምህርት ቅርስ

በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ። ከዚህ መቅሠፍት በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር አሰማራ። የትምህርቱም መሠረት ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ሳይጠብቁ በሽታን በየመንደሩ መከላከል ነበር። በዚያን ጊዜ ተቀዳሚው ጠላት ተላላፊ በሽታ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያው መርሕ ድምፅ ሳያሰማ አጥንትን ለሚያዳክም ሕመምም ይሠራል።

የሕክምናው ዓለም ራሱ ይህን ሕመም ለይቶ ያወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ኦስትሪያዊው ጉስታቭ ፖመር ማዕድን አጥቶ የሚለሰልሰውን አጥንት ከሚሳሳው አጥንት፣ ማለትም ከኦስቲዮፖሮሲስ፣ ለየ። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ አሜሪካዊው ፉለር ኦልብራይት መሳሳቱን ከወር አበባ መቋረጥ ጋር አያያዘው። አጥንት ሕያው አካል ነው፤ ዘወትር ይፈርሳል፣ ዘወትርም ይገነባል። እስከ 30 ዓመት ዕድሜ ገደማ ግንባታው ያይላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ፍርሻው ይበልጣል፤ የኢስትሮጅን መጠን ሲቀንስም ይፋጠናል። ስለዚህ ለእርጅና የሚሆነው የአጥንት ስንቅ የሚሰነቀው በልጅነትና በወጣትነት ነው።

ይህ ስንቅ ገና ከጅምሩ ሊጎድል እንደሚችል የሕፃናት ሪኬትስ ያሳያል። በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 500 የሳንባ ምች ሕሙማን በ210ዎቹ፣ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱ 500 ሕፃናት ግን በ20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ አግኝቷል። ፀሐይ በማይታጣበት አገር ይህ የሆነው ብርድ፣ ምችና ቡዳ እየተፈራ ሕፃናት ተሸፍነው ቤት ውስጥ ስለሚውሉ ነው። ብርዱ በሚጠናባቸው የዳባትና የደባርቅ ደጋዎች እናቶችን ስለ ፀሐይ ማስተማር ይበልጥ ያስፈልጋል።

በጎልማሶች ዘንድ ለአጥንት መሳሳት የሚያጋልጡት የዕድሜ መግፋት፣ ሴትነት፣ የወር አበባ ያለጊዜው መቋረጥ፣ የሰውነት መክሳት፣ ትምባሆ፣ ብዙ አልኮል መጠጣት፣ እንቅስቃሴ ማጣትና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ናቸው። መራመድና መጠነኛ ሸክም አጥንትን ያጠነክራሉ። በጾም ወራት ወተት ሲቀር ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥ ካልሲየም ያስገኛሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 የአጥንት ጥግግት መለኪያ ውጤት ከወጣት ጎልማሶች አማካይ በ2.5 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ሲል ኦስቲዮፖሮሲስ እንዲባል ወሰነ። መሣሪያው በሌለበት ግን ባለሙያው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ከቆሙበት ወድቀው የተሰበሩ አዛውንት፣ ቁመታቸው ያጠረና ጀርባቸው የጎበጠ እናቶች ምልክቱን ይዘው ይታያሉ። ብዙ ስብራት ወደ ወጌሻ ስለሚሄድ በጤና ተቋም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ የመጀመሪያው ስብራት ሳይታወቅ ሲታለፍም ሁለተኛው ይከተላል። ስለሆነም በየቤቱ ስለ ቀድሞ ስብራት መጠየቅና መውደቅን መከላከል የጎንደር ኮሌጅ ካስተማረው የመከላከል ሥራ የሚለይ አይደለም።