የተከፈተው ለምን ይጠብባል?

እስራኤል ውስጥ ባለው ሰፈራችን በሮቫ ዩድ ዛይን የልብ ቧንቧ መክፈትን ሁላችንም በዕብራይስጡ «ጺንቱር» እንለዋለን። ለሽማግሌዎቻችን ሐኪም ፊት ሳስተረጉም አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ልጄ፣ የተከፈተው ለምን ተመልሶ ጠበበ?» የሕክምናው ታሪክም ይኸው ጥያቄ ነው።

አንድርያስ ግሩንትዚግ ዙሪክ ላይ የሰውን የልብ ቧንቧ መጀመሪያ በፊኛ የከፈተው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነው። ከሦስት ሕሙማን የአንዱ ያህል ግን በወራት ውስጥ ተመልሶ ይጠብ ነበር። በ1986 ስታንት የሚባለው የብረት መረብ ገባ፤ ቧንቧውን ደግፎ ቢይዝም፣ የቆሰለው ግድግዳ ሥጋ ማብቀሉን አልተወም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጣው መድኃኒት የተቀባ ስታንት ነው ችግሩን በእጅጉ የቀነሰው።

ሆርሞንም ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የሴቶች ሆርሞን የሆነው ኤስትሮጅን በቤተ ሙከራ የቧንቧውን ግድግዳ የጡንቻ ሕዋሳት መራባት ይገታል። በ1998 የወጣው ኸርስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ግን 2,763 የልብ ሕመምተኛ ሴቶችን ተከታትሎ ሆርሞኑ ልባቸውን እንዳልጠበቀ አሳየ፤ እንዲያውም የደም መርጋት በዛ።

ለእኛ ሰፈር የሚከብደው ሆርሞን ኢንሱሊን ነው፤ የእሱ ሥራ ሲጓደል የስኳር ሕመም ይመጣል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቧንቧው ተመልሶ የመጥበብ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ወላጆቻችን በ1984 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ሲገቡ የስኳር ሕመም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጤፉ በነጭ ዳቦ፣ የእግር መንገዱ በመቀመጥ ሲተካ ግን በየቤቱ ገባ። ይህ ያሳዝነኛል።

ስታንት የገባላችሁ እናቶችና አባቶች፦ የስኳሩንም የደም ማቅጠኛውንም መድኃኒት ሐኪማችሁ ሳያዝ እባካችሁ አታቋርጡ።