የቆዩ የብሪታንያ ቦክስሎክ ጠመንጃዎችን እውነተኛ ሠሪ መለየት

ቦክስሎክ መምቻው፣ ሞላውና የቃታው መንጠቆ በጠመንጃው የብረት አካል ውስጥ ተሸሽገው የሚቀመጡበት የአደን ጠመንጃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን አለው፤ ከመካከል ታጥፎ ሲከፈት ጥይት ይጎርሳል። በብሪታንያ የተሠሩ የቆዩ ቦክስሎኮች የአንድ ድርጅት ስምና አድራሻ ተቀርጾባቸው ይገኛሉ። ይህ ስም ግን በብዙዎቹ ላይ ጠመንጃውን የሸጠውን እንጂ የሠራውን አያመለክትም። ሠሪውን ለመለየት ከውጭ የሚታየውን ጽሑፍ በውስጥ ከተመቱት ምልክቶችና ከአሠራሩ ጋር ማገናዘብ ያስፈልጋል።

የአሠራሩ መነሻ በርሚንግሃም ነው። በዌስትሊ ሪቻርድስ ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ዊልያም አንሰንና ጆን ዲሊ በ1875 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኙበት። አፈሙዙ ሲታጠፍ መምቻዎቹን ራሱ ወደ ኋላ ስለሚስብ ተኳሹ በጣቱ መሳብ አላስፈለገውም። ክፍሎቹም ጥቂት ስለነበሩ ከጎን መቆለፊያ ካለው ጠመንጃ ይልቅ በአነስተኛ ዋጋ ይሠራ ነበር። መብቱ ጸንቶ በቆየበት ጊዜ ሌሎች የሚሠሩት በፈቃድ ነበር። የመብቱ ዘመን ሲያበቃ ግን አሠራሩ የሁሉም ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የአንሰንና ዲሊ አሠራር በጠመንጃው ላይ መገኘቱ ብቻውን ስለ ሠሪው የሚናገረው ነገር የለም።

ስምና ሠሪ የተለያዩበት ምክንያት የሙያው አደረጃጀት ነው። በበርሚንግሃም የጠመንጃ ሠፈር፣ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ሥራው ለብዙ እጆች ተከፋፍሎ ነበር። አንዱ አፈሙዝ ያዘጋጃል፤ ሌላው የብረት አካሉን በሞረድ ያስተካክላል፤ ሌላው ሰደፍ ይጠርባል፤ ሌላው ቅርጻ ቅርጽ ያወጣል፤ የመጨረሻው አገጣጥሞ ይጨርሳል። ትላልቆቹ አምራቾች ደግሞ ያለ ስም የተጠናቀቀ ጠመንጃ ለነጋዴዎች ያቀርቡ ነበር። በገጠር ከተማ ያለ የጠመንጃ ወይም የብረታ ብረት ነጋዴ ጠመንጃውን ሲያዝ የራሱን ስም ያስቀርጽበታል። ከአቅራቢዎቹ ታዋቂው ዌብሊ ነው። ፒ ዌብሊ እና ልጅ፣ ደብልዩ እና ሲ ስኮት እና ልጅ፣ እንዲሁም ሪቻርድ ኤሊስ እና ልጅ በ1897 ተዋህደው ዌብሊ እና ስኮት ተባሉ። የለንደኑ አርሚ ኤንድ ኔቪ የኅብረት ሥራ ማኅበር በስሙ የሸጣቸው ብዙ ጠመንጃዎችም የዚህ ቤት ሥራዎች ናቸው።

ምርመራው የሚጀምረው ጠመንጃው አለመጉረሱ ከተረጋገጠና አፈሙዙ ከአካሉ ከተለየ በኋላ ነው። ዋነኛው ስፍራ አፈሙዙ አካሉ ላይ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ግርጌ ነው። በዚያ ላይ የመፈተኛ ቤት ማኅተሞች ይገኛሉ። በብሪታንያ ሕግ የሚሸጥ ጠመንጃ ሁሉ ከፍ ባለ የባሩድ መጠን ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ፈተናውን የሚያካሂዱት በ1637 የንጉሥ ቻርተር የተሰጠው የለንደን የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበርና በ1813 በፓርላማ አዋጅ የተቋቋመው የበርሚንግሃም መፈተኛ ቤት ናቸው። የበርሚንግሃም የቀድሞ ማኅተም ከዘውድ በታች የተጠላለፉ ሁለት በትረ መንግሥትና ቢ፣ ፒ፣ ሲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ያሉበት ነው። ከ1904 ወዲህ በዘውድ ሥር ያሉ ቢፒ፣ ቢቪና ኤንፒ የሚሉ ፊደላት ተተኩ፤ ኤንፒ ጢስ አልባ ባሩድ የተፈተነበት መሆኑን ያሳያል። የለንደኑ ማኅተም በዘውድ ሥር የተጣመሩ ጂና ፒ ነው።

ማኅተሞቹ ዘመንንም ያመለክታሉ። በአፈሙዙ ላይ «ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ አፈሙዙ በ1875ና በ1887 መካከል ተፈትኗል፤ አፉ የጠበበ አፈሙዝም የሚታወቀው በዚህ ጽሑፍ ነበር። ለጢስ አልባ ባሩድ የተለየ ምልክት የመጣው በ1896 ነው። የውስጥ ስፋት በኢንች አስርዮሽ፣ የግፊት ልክም በቶን ከተጻፈ ፈተናው ከ1954 በኋላ የተደረገ ነው። በርሚንግሃም ከ1921 ጀምሮ በተጠላለፉ ሰይፎች ዙሪያ የዓመቱን ምሥጢራዊ ፊደልና የመርማሪውን ቁጥር ትመታ ነበር፤ ይህ ምልክት ሲገኝ የፈተናው ዓመት በትክክል ይታወቃል። ሆኖም ማኅተሙ የተፈተነበትን ከተማ እንጂ የተሠራበትን አይመሰክርም፤ የበርሚንግሃም ሥራዎች ለንደን ተልከው የተፈተኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ጠመንጃው ሲታደስም እንደገና ሊፈተን ይችላል፤ አሮጌው አፈሙዝ ተቆርጦ አዲስ ቱቦ ከገባበትም ይህ በላዩ ይጻፋል።

ቀጥሎ የሚፈለጉት ከማኅተሞቹ አጠገብ፣ በአፈሙዙ መንጠቆ ላይና በአካሉ ውስጥ በትንንሽ ፊደላት የተመቱ የስም መነሻዎች ናቸው። እነዚህ የአፈሙዝ ሠሪው፣ የሞራጁ ወይም የአገጣጣሚው መለያዎች ናቸው። ሻጩ የራሱን ተከታታይ ቁጥር በሚታይ ቦታ ሲያስቀርጽ፣ አምራቹ ደግሞ የራሱን ቁጥር በተሸሸገ ቦታ ሊተው ይችላል፤ ሁለት የማይመሳሰሉ ቁጥሮች መገኘታቸው ጠመንጃው በትዕዛዝ ከሌላ ቤት መምጣቱን ይጠቁማል። የዊትዎርዝ ወይም የክሩፕ ብረት ምልክት ግን የቱቦውን ጥሬ ዕቃ አቅራቢ እንጂ የጠመንጃውን ሠሪ አያሳይም።

የአሠራር ዝርዝሮችም ማስረጃ ይሆናሉ። የዌስትሊ ሪቻርድስ ልዩ መታወቂያ አፈሙዙ ወደ ኋላ ያወጣው ክብ ራስ በአካሉ ውስጥ ገብቶ የሚቆለፍበት ዘዴና፣ ከ1897 ወዲህ ደግሞ በእጅ የሚወጡ መቆለፊያዎች ናቸው። ግሪነር በአካሉ ውስጥ አግድም የሚያልፍ ክብ መቀርቀሪያ ነበረው። የዌብሊ መለያ የሆነው ደግሞ በመክፈቻ ማንሻው የሚዞር መጨበጫ ነው። ሆኖም የፈጠራ መብት ሲያበቃ ዘዴው ይስፋፋል፤ የግሪነር መቀርቀሪያ በቤልጂየምና በጀርመን በብዛት ተቀድቷል። ስለዚህ አንድ የአሠራር ዝርዝር ጠመንጃው ከመቼ ወዲህ እንደተሠራ ቢናገርም ማን እንደሠራው በራሱ አያረጋግጥም።

አንድ ምሳሌ የማስረጃዎቹን ትስስር ያሳያል። ሁለቱን አፈሙዞች በሚያያይዘው ብረት ላይ የለንደን የአርሚ ኤንድ ኔቪ የኅብረት ሥራ ማኅበር ስም፣ በግርጌው የበርሚንግሃም ከ1904 ወዲህ ያሉ ማኅተሞች፣ በላይ የዌብሊ መጨበጫ ያለው ጠመንጃ ይታሰብ። ማኅበሩ ስሙን የቀየረው በ1934 በመሆኑ፣ ማኅተሞቹ የመጀመሪያው ፈተና ከሆኑ ጠመንጃው ከ1904 እስከ 1934 ባለው ጊዜ የተሸጠ ነው። ማኅተሙ ወደ በርሚንግሃም፣ መጨበጫውም ወደ ዌብሊ እና ስኮት ይመራል። ድምዳሜው የሚጸናው ግን የተሸሸገው ቁጥር ከአምራቹ መዝገብ ጋር ሲገጥም ነው።

የማስመሰል ሥራም ነበር። በቤልጂየሟ ሊዬዥ የተሠሩ ርካሽ ጠመንጃዎች እንደ «ደብልዩ ሪቻርድስ» ያሉ የታወቁትን የሚመስሉ ስሞች ይዘው ይሸጡ ነበር፤ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የሊዬዥ ፊደላት መገኛቸውን ያጋልጣሉ።

ማስረጃዎቹ በአንድ ስም ላይ ካልተገናኙ ጥንቁቅ ገላጭ ጠመንጃውን «በእገሌ የተሸጠ፣ በበርሚንግሃም ሙያተኞች የተሠራ» ብሎ ይመዘግበዋል። ብዙ ትንንሽ ሠሪዎች መዝገብ ስላልተዉና አንድ ጠመንጃ የብዙ እጆች ውጤት ስለሆነ፣ ይህ አነጋገር ለብዙዎቹ ቦክስሎኮች ትክክለኛው መግለጫ ነው።