ብራያን ክላፍና የሊድስ 44 ቀናት

የአሠልጣኝ ችሎታ በየሄደበት ክለብ አብሮት ይጓዛል የሚሉ፣ የብራያን ክላፍን ታሪክ ዘንግተዋል። ክላፍ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን ያነሣውን ደርቢ ካውንቲን በ1972 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረገ። በብራይተን ጥቂት ሰንብቶ በ1974 ሻምፒዮኑን ሊድስ ዩናይትድን ሲረከብ ግን በ44 ቀን ተሰናበተ። ተጫዋቾቹን ለዓመታት በአደባባይ ሲነቅፍ የኖረ ሰው ነውና በጥርጣሬ ቢቀበሉት አያስደንቅም። ከዚህ ይልቅ የሚያመዝነው፣ ተጫዋች በመምረጥ የተካነው ረዳቱ ፒተር ቴይለር በብራይተን መቅረቱ ነው። በ1975 የያዘው ኖቲንግሃም ፎረስትም ቴይለር በ1976 እስኪመጣ በሁለተኛ ዲቪዚዮን ቆየ። ከዚያ በ1978 የሊግ፣ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ዋንጫ ባለቤት ሆነ። የሊድስን ውድቀት በክላፍ ላይ ብቻ የሚጭን ፈራጅ፣ ይህንንም ድል ለእሱ ብቻ ሊሰጥ ነው። ቴይለር በ1982 ከተለየው በኋላ ግን ክላፍ እስከ 1993 ስንብቱ የሊግ ሻምፒዮንነትን አልደገመም።