ቴሌቪዥኑን ማን አለበሰው?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ልብስ ያውቀዋል። ነጭ ነው፤ አለዚያም ክሬም። በኪሮሽ የተሠራ ነው። አንደኛው ጫፉ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከቴሌቪዥኑ አናት ወደ ስክሪኑ ይወርድና የዜና አንባቢውን ግንባር ይሸፍናል። ዜና አንባቢው ይሸፈናል እንጂ ዳንቴሉ አይነሣም፤ የቤቱ ሕግ ነው። ሬዲዮው የራሱ አለው፤ ስልኩም፣ ፍሪጁም፣ የሶፋው ክንድና ራስጌም እንደዚሁ። ባጭሩ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ራቁቱን የሚውል ውድ ዕቃ የለም።

እኛ ልጆቹ አደግንና ነገሩን «የፋራ» አልነው። ቆይተን ደግሞ አንዳንዶቻችን ናፈቀንና «ባህላችን» አልነው። ስድቡም ሙገሳውም አንድ ነገር ያስመስላሉ፤ ኪሮሽ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ጥንታዊ ነገር ነው ያሰኛሉ። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥን ልብስ ዕድሜ፣ ቢበዛ ቢበዛ፣ ከዚያ አያልፍም። አክሱም አያውቀውም፤ ጎንደርም አያውቀውም። መጀመሪያ ያለበሱት ሴቶች አሮጊቶች አልነበሩም። ጸጉራቸውን አፍሮ ያበጠሩ፣ ተረከዘ ረዥም ጫማ የሚያደርጉ፣ ጊዜው ያፈራውን አዲስ ነገር የሚከተሉ ልጃገረዶች ነበሩ። ዛሬ አያት ሆነው ስናያቸው ኪሮሹም አብሯቸው ያረጀ መሰለን እንጂ፣ በዘመኑ ዘመናይነት ነበር።

ታዲያ ይህ ታሪክ የት ይገኛል? ድግስ ከሆነ የታሪክ ጸሐፊ አይጠፋም። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያሰናዱትን ግብር ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ደግ አደረገ። የሳሎኑን ኪሮሽና የማክሰኞ ከሰዓቱን ዳቦ ግን ማን ይጽፈዋል? እኔ ሌላ ሰነድ ሳጣ ቃላቱን ጠየቅሁ። ቃላት ደግሞ ወሬ አይደብቁም።

ኪሮሽ ከፈረንሳይኛው ክሮሼ ነው። ዳንቴልም ከዚያው ከፈረንሳይኛ። ሹራብ ከዐረብኛ መጥቷል፤ የሚገርመው ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ሹራብ የሚባለው እግር ላይ የሚጠለቀው ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ ደረት ወጣ። እግር ባዶውን ቀረ እንዳትሉ፣ ለእሱ ደግሞ ጣልያን ካልሲን ላከለት። መፍተል፣ እንዝርት፣ ባዘቶ፣ አመልማሎ፣ ልቃቂት ግን የራሳችን ናቸው። እነዚህን ሁለት የቃላት ጎራዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ስታዩ አንድ ነገር ብቅ ይላል፤ ለእኔ የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት እሱ ነው።

ኪሮሽ ሳይመጣ በፊት የደጋ ሴት፣ ወይዘሮም ትሁን ገረድ፣ ትፈትላለች። ጥጡን ትዳምጣለች፤ በደጋን ትነድፋለች፤ አመልማሎ ታደርጋለች፤ እንዝርቷን ታሾራለች። ፈትል የጨዋ ሴት ሥራ ነው፤ እመቤት ብትፈትል አያስነውራትም። ልቃቂቱ ሲሞላ ግን ክሩ ከእጇ ይወጣል። ሽመና የወንድ ሥራ ነው። ክሩ ወደ ሸማኔ ይሄዳል፤ ሸማኔው ደግሞ በሙያው የሚናቅ ሰው ነበር። በምኒልክ ዘመን ከደቡብ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ዶርዜዎች አዲስ አበባን ከላይ እስከ ታች ሲያለብሱ ኖረው የተከፈላቸው ክብር ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። እዚህ ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴቲቱ ግማሹን ትሠራለች፣ ልብሱ የሚያልቀው በሌላ ሰው እጅ ነው።

ኪሮሽና ሹራብ ይህን ቆረጡት። አንዲት ሴት አንድ መንጠቆ ወይም ሁለት መርፌ ይዛ፣ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ወጥ እየጠበቀች፣ ያለ ሸማኔ፣ ያለ እቃ፣ ያለ ጉድጓድ፣ ክርን ልብስ ማድረግ ቻለች። ክሩ ከእጇ ሳይወጣ አለቀ። የሚተርፋትን ደግሞ ለጎረቤት ሸጠች። ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም።

ትምህርቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ አንዱ በር የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። የሚስዮን ትምህርት ቤቶች ለሴት ልጅ ፊደልና መርፌ አብረው ያስጨብጡ ነበር። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተከፈተ። ኋላም ባልትና የሚባለው ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ገባ። የሴት ልጅ ትምህርት ለብዙ አባቶች የተዋጠላቸው በዚህ በኩል ነው፦ «ቢያንስ ቤት መያዝ ትማራለች» ተብሎ። አባት ልጁን ለባልትና ላከ፤ ልጅቱ ማንበብም ይዛ ተመለሰች። ይህን እንደ ማታለል የሚያይ ካለ ይመልከተው፤ እኔ በጣም የምወደው ማታለል ነው። ደርግ ሲመጣ ደግሞ «ትምህርት ለማምረት» ተባለና የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ለወንዱም ለሴቱም ሆነ። ዛሬ ኮት ለብሰው ስብሰባ የሚመሩ ስንት አቶዎች ልጅ ሳሉ ሹራብ እንደሠሩ ብታውቁ!

የሹራብ ጣዕሙ ያለው ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን እቤት ነው። በእኛ ቤት ክር አይጣልም ነበር። የአባቴ ሹራብ ክርኑ ላይ ሲያልቅ አያቴ ትተረትረዋለች። ለእኛ ለልጆች ከዚህ የሚበልጥ መዝናኛ አልነበረም፤ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይጠቀልላል። የተተረተረ ክር ይጠቀለላል እንጂ አይቃናም፣ እንደ ጸጉር ይጠመዘዛል። ስለዚህ ወንበር መደገፊያ ላይ ይዞራል፤ ይታጠባል፤ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ከዚያ ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ክሩ እጃችሁ ላይ ተጠምጥሞ አያት ደግሞ ትጠቀልለዋለች። መንቀሳቀስ የለም። ሽንት ቢመጣ እንኳ የለም። ያኔ ነው ወሬ የሚወራው። ማን ማንን አግብቶ እንደነበር፣ ማን በምን እንደሞተ፣ የቤተሰቡን ታሪክ እጄ ታስሮ ነው የሰማሁት። ያ ክር ቀጥሎ የወንድሜ ሹራብ ሆነ። ከዚያም የእህቴ ልጅ ሲወለድ ኮፍያና የእግር ሹራብ። አንድ ክር ሦስት ትውልድ ለበሰው።

የአጎቴ ኪሮሽ ግን ሌላ ነው። አጎቴ ከቤታችን ሴቶች ሁሉ ይበልጥ ጥብቅ አድርጎ ይሠራል፤ አንዲት ቀዳዳ ከሌላዋ አትበልጥም። የት ተማርህ ሲሉት «ታስሬ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። እሱ ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን እስር ቤቶች ውስጥ የታሰሩ ወንዶችም ሴቶችም ኪሮሽና ሹራብ ይሠሩ እንደነበር ከዚያ የወጡ ሰዎች ያወራሉ። ቤተሰብ ከስንቁ ጋር ክር ያስገባል፤ ከዚያ በኩል ቦርሳ ወይም ሹራብ ይወጣል። ቀን የማያልፍበት ቦታ ነው፤ ኪሮሽ ደግሞ ቀንን የሚቆጥር ነገር ነው፣ አንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ። ለእናት ደግሞ የወጣው ሹራብ ደብዳቤ ነበር፤ ልጄ እጁ ይሠራል፣ አለ ማለት ነው። ከርቸሌ የሚለው ቃል ራሱ የጣልያኖቹ ካርቼሬ ነው፤ ከካልሲ ጋር አንድ መርከብ ላይ የመጣ። የዓለም በቃኝ ግቢ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንጻ በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቡ የለም። ሹራቦቹ ግን በየሰው ቁም ሣጥን ውስጥ አሉ። እንግዲህ የትኛው ነው ሰነድ?

ወደ ዳቦው እንሂድ፤ ይህን የሚያነብ ሰው እስካሁን ሳይርበው አይቀርም።

ድፎ የኛ ነው። ሊጡ በእርሾ ያድራል፤ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነስበታል፤ ኮባ ተነጥፎ በላዩ ይገለበጣል፤ በኮባ ይሸፈናል። ከታችም እሳት ከላይም እሳት። ኮባው ሲጠብስና ሊጡ ሲነፋ የሚወጣውን ሽታ የማያውቅ ሰው ካለ ይቅርታ፣ በቃላት አልችለውም። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ሙልሙሉ አለ። ይህ ሁሉ ምድጃ ያለው ቤት ሁሉ የሚችለው ነው።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ሌላ ዳቦ ይዞ ገባ። ፉርኖ በጣልያንኛ ምድጃ ማለት ነው። እኛ ስሙን ከምድጃው አንሥተን ለዳቦው ሰጠነው፤ አልበቃንም፣ ለዱቄቱም ሰጠነው። ዛሬ «አንድ ኪሎ ፉርኖ» ብሎ የሚገዛ ሰው በጣልያንኛ ሲተረጎም አንድ ኪሎ ምድጃ ነው የጠየቀው። ብስኩትም እንደዚሁ። በትውልድ አገሩ ትርጉሙ ሁለት ጊዜ የበሰለ ነው፤ እዚህ ግን በየመንደሩ ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው ነው ስሙን የወረሰው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሄደ፤ ምድጃው ቀረ። በዚህ የሚያፍር ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አላፍርም። መትረየሱን መልሰን ፉርኖውን ማስቀረታችን ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል።

ፉርኖ ግን መጀመሪያ የሱቅ ዳቦ ነው፤ ተገዝቶ የሚመጣ። ኬክም የፒያሳ ነገር ነበር፤ ኤንሪኮን የመሰለ ኬክ ቤት ሄዶ ቆሞ የሚበላ። የእናቶቻችን ሥራ እሱን ወደ ቤት ማስገባት ሆነ። ኦቨን ያለው ቤት ጥቂት ነበርና ኬኩ በብረት ድስት ተጋገረ፤ ክዳኑ ላይ ፍም ተደርጎ። ልብ በሉ፤ ይህ የድፎው ብልሃት ነው። ከላይም እሳት ከታችም እሳት። የፈረንጅ ኬክ በድፎ ሕግ ተገዛ። በደርግ ጊዜ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ስለነበር ለልደት ኬክ ስኳሩ ቀደም ብሎ ከየሻዩ ላይ እየተቀነሰ ይጠራቀማል። ያ ኬክ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ለማወቅ በፊት ሳምንቱን መራራ ሻይ መጠጣት ያስፈልጋል።

አልበም ያላችሁ አውጡና እዩ። አንድ የልደት ፎቶ አይጠፋም። መሐል ላይ ልጅ አለ፤ አንገቱን የሚበላው ሹራብ ለብሷል። ፊቱ ኬክ፣ ትንሽ ያዘነበለ። ከኋላው ቴሌቪዥን፣ ልብሱን እንደለበሰ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ቀንና ዓመት። በአንድ ወረቀት ላይ ፈረንሳይ፣ ጣልያን፣ ዐረብ፣ ቀበሌና አያት ተሰብስበዋል። ሹራቡንም፣ ኬኩንም፣ ዳንቴሉንም የሠራችው ሴት ግን ፎቶው ውስጥ የለችም፤ ወይ ወጥ ቤት ናት፣ ወይ ከዳር እጇ ብቻ ይታያል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሰልባጅ በየገበያው ተነጠፈ። አንድ ሙሉ የሱፍ ሹራብ ከክሩ ዋጋ ባነሰ ሲገኝ ማን ሁለት ወር ይሠራል? በኋላም የቻይናው መጣ። ቴሌቪዥኑም ቀጠነና ዳንቴል የሚቀመጥበት አናት አጣ። ሴቶቹም ደግሞ ቢሮ ገቡ፤ ይህን ክፉ ነገር የሚያስመስል ጽሑፍ ከእኔ አትጠብቁ። ዳቦው በተሻለ ተርፏል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ቤት ሲያስቀምጠን ስንቱ እርሾ ፍለጋ ወጣ፤ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችንም በኮባ ፈንታ የሙዝ ቅጠል ወይም ፎይል አንጥፈው ድፎ ይደፋሉ። ሹራቡ ነው የተጎዳው፤ ምክንያቱም ሊጥ በዓይን ይለመዳል፣ ሹራብ ግን ሰው አጠገብ ተቀምጦ እጅ በእጅ ካላሳየ አይተላለፍም። አያቴ ቁጥሩን በቃሏ ነበር የምትይዘው። አንድም ወረቀት አልነበራትም።

አክስቴ ግን ደብተር አላት። በ1970ዎቹ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተማረችበት ነው። በየገጹ የክብሪት ቀፎ የምታክል የሹራብ ናሙና በመርፌ ተሰፍታበታለች፤ ከሥሯ ስሟ ተጽፏል። ሜዳ ሹራብ፣ ጎድን ሹራብ፣ ጉንጉን፣ የቁልፍ ቀዳዳ። ክሮቹ የተለያየ ቀለም ናቸው፤ ከየሰው የተረፈ ነው፣ አንደኛው አረንጓዴ ከጎረቤት እንደተለመነ ትናገራለች። የቁልፍ ቀዳዳዋ ትንሽ ጠማማ ናት። መምህሯ ጎኗ ላይ በቀይ ጽፋበታለች፦ ከ10፣ 7።