257 ክፍል የፈጀ ታሪክ

ዛሬ ተከታታይ ድራማ በስልካችሁ ውስጥ አለ። ያመለጣችሁን ክፍል ከመተኛታችሁ በፊት ታዩታላችሁ፤ ካልጣማችሁም ታልፉታላችሁ። በ1994 ዓ.ም. አዘዞ ለነበሩት ታላላቆቻችሁ እንዲህ አልነበረም። ታሪኩ የሚመጣው በሬዲዮ ነው። ሰዓቱ ካለፈ አለፈ፤ የሚቀረው ያዳመጠ ጎረቤት ፈልጎ «እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት በኢትዮጵያ ሬዲዮ የጀመረው «የቀን ቅኝት» በ1997 ዓ.ም. ኅዳር እስኪያበቃ ድረስ በ257 ክፍሎች ተላልፏል።

እንዲህ ያለውን ድራማ ፈረንጆቹ «የሳሙና ኦፔራ» ይሉታል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሬዲዮ ላይ የቤት እመቤቶችን ታሪክ እያስደመጡ በመሀል ሳሙናቸውን ያስተዋውቁ ከነበሩት ፋብሪካዎች ነው። እንግሊዞች ግን ሌላ ጥቅም አገኙለት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምግብ ገና በራሽን ይታደል ነበርና ገበሬው ምርቱን እንዲያሳድግ ማስተማር ፈለጉ። ንግግር ቢያቀርቡለት ማን ይሰማል? ስለዚህ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከጥር 1951 ጀምሮ አምብሪጅ በምትባል የፈጠራ መንደር ስለሚኖር የገበሬ ቤተሰብ «ዘ አርቸርስ» የተባለ ድራማ በመላው አገሪቱ ማሰራጨት ጀመረ። ስለ ከብትና ስለ ዘር የሚሰጠው ምክር በቤተሰቡ ወሬ ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1955 ግሬስ የተባለችው ገጸ ባሕርይ በእሳት ስትሞት አድማጩ የቅርብ ዘመድ እንደሞተበት አዘነ። ያ ምሽት ደግሞ ተፎካካሪው የንግድ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የከፈተበት ምሽት ነበር፤ በአጋጣሚ ነው ብሎ የሚያምን ካለ እሱ የዋህ ነው። ድራማው ዛሬም ይተላለፋል።

ወደ እኛ የመጣው መንገድ ግን በሜክሲኮ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ፔሩ ውስጥ ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ የሚተርክ ድራማ በቴሌቪዥን ታየ። ሴትዮዋ ማንበብ ትማራለች፤ ልብስ ሰፍታ ኑሮዋን ታሻሽላለች። ተመልካቾቹ ሴቶችም ተነሥተው የስፌት መኪና መግዛት ጀመሩ። ይህን ያየው ሚጌል ሳቢዶ የተባለ የሜክሲኮ አዘጋጅ አንድ ዘዴ ቀመረ። በድራማው ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይኑሩ አለ፤ በጎ የሚሠራ፣ ክፉ የሚሠራ፣ በሁለቱ መካከል የሚዋልል። ሥራውን የሚሠራው ሦስተኛው ነው። አድማጩ ራሱን የሚያየው በሚዋልለው ሰው ውስጥ ነውና፤ አብሮት ይወድቃል፣ አብሮት ይነሣል። መነሣቱ ደግሞ ቶሎ መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ በየአጥቢያው ያላችሁ የድራማ ክፍል አባላት ትንሽ ቆም በሉ። የእኛ ድራማዎች ልማድ ይታወቃል። ሰካራሙ እየተንገዳገደ ይገባል፣ ሕዝቡ ይስቃል፤ አንድ ወንድም መጥቶ ሁለት ቃል ይነግረዋል፤ በአሥረኛው ደቂቃ ሰውየው ተንበርክኳል። እናቱ ስንት ሌሊት እንዳለቀሰች፣ ተመልሶ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አናይም። «የቀን ቅኝት» ለዚህ ሁሉ ሁለት ዓመት ተኩል ነበረው።

ድራማውን ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት ነው፤ በኢትዮጵያ የሚመራው ዶ/ር ንጉሤ ተፈራ ነበሩ። ደራሲዎቹ ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ሰዉ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች.አይ.ቪ.፣ ስለ ሴቶች ኑሮ ምን እንደሚያስብ ተጠና። ታሪኩ የተጻፈው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ለኦሮምኛ አድማጮች ደግሞ «ዲምቢባ» የተባለ ሌላ ድራማ ተሠራ፤ የአማርኛው ትርጉም ሳይሆን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

አሁን ዘመኑን አስቡት። አዘዞ የጦር ካምፕና የአውሮፕላን ማረፊያ ያለባት፣ ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት፤ ወታደሩም ሾፌሩም ነጋዴውም ያድርባታል። በሽታው በስሙ አይጠራም ነበር። በመንግሥት በኩል ነጻ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ጥር ነው፤ ድራማው ካለቀ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ድራማውን ሰምቶ ለምርመራ የሚሄድ ሰው፣ ቫይረሱ ቢገኝበት ነጻ መድኃኒት እንደሌለ እያወቀ ነበር የሚሄደው። ያን ሰው ከቤቱ ለማስወጣት ፖስተር አይበቃም።

ወጣ ወይ? ድርጅቱ ባስጠናው ጥናት፣ ድራማውን ያዳመጡ ወንዶች ካላዳመጡት በአራት እጥፍ፣ ሴቶች በሦስት እጥፍ ተመርምረዋል። ለአዘጋጆቹ ከ15,000 በላይ ደብዳቤ ደርሷል። የመጀመሪያውን ቁጥር በጥንቃቄ እንያዘው። ሬዲዮ ያለው ሰው ቀድሞውንም ለከተማና ለጤና ጣቢያ የቀረበ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ ሁሉ የድራማው ሥራ ነው ማለት ይከብዳል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ደብዳቤው ነው። ወረቀትና ፖስታ ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ ስለ አንድ የፈጠራ ሰው የሚጽፍ አድማጭ ታሪኩን የራሱ አድርጎታል።

ከዚያ በኋላ ጊዜው የቴሌቪዥን ሆነ። «ገመና» መጣ፣ «ሰው ለሰው» ተከተለ። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ፣ ክፉ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የአገሩ ሁሉ መነጋገሪያ ነበር፤ ሳቢዶ ቢያየው ሳያስጨንቀው አይቀርም፣ ክፉው ከተወደደ ዘዴው ይፈርሳልና። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተቀዱ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥጋታቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ ተመልካቹ ግን ማየቱን አልተወም። የኢስታንቡል ሀብታሞች በአማርኛ ሲጣሉ ማየት መጀመሪያ ያስቅ ነበር፤ በኋላ ተለመደ።

የአጥቢያችሁ የድራማ ክፍል ለመጪው በዓል ከመጻፉ በፊት፣ በ1994 ዓ.ም. ወጣት የነበሩትን የአዘዞ እናቶችና አባቶች ስለ «የቀን ቅኝት» ጠይቁ። ታሪኩን ቢረሱት እንኳ ማን ቤት ተቀምጠው እንዳዳመጡት ይነግሯችሁ ይሆናል።