የሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ሴቶች በሕዝብ ቆጠራ

ኬንያ እ.አ.አ በ2019 ባካሄደችው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት፣ ከአገሪቱ ነዋሪዎች 50.5 በመቶው ሴቶች ናቸው። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ በሚዋሰነው በሰሜን ምሥራቁ ክፍል ግን የወንዶች ቁጥር ይበልጣል። በአካባቢው ሦስት ካውንቲዎች 1,180,628 ሴቶችና ልጃገረዶች ሲመዘገቡ፣ የተመዘገቡት ወንዶች 1,309,325 ናቸው።

የሴቶች ድርሻ በጋሪሳ 45.4፣ በዋጂር 46.8 በመቶ ነው። በማንዴራ የሁለቱ ፆታዎች ቁጥር ተቀራራቢ ሲሆን፣ 432,444 ሴቶችና 434,976 ወንዶች ተቆጥረዋል።

ልዩነቱ ከነዋሪዎቹ እውነተኛ ስብጥር ወይም ከምዝገባ ጉድለት የመነጨ መሆኑን አኃዙ ብቻውን አያሳይም። የአካባቢው ቆጠራ ውጤት በፍርድ ቤትም አከራክሯል። ጉዳዩ ክብደት የሚሰጠው፣ ከማዕከላዊ መንግሥት ለካውንቲዎች የሚከፋፈለው ገንዘብ በከፊል በሕዝብ ብዛት ስለሚወሰን ነው። ሳትቆጠር የቀረች ልጃገረድ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ዕቅድም ውጭ ትሆናለች።