የጨረር መቀነቶች

የጨረር መቀነት ማለት በከፍተኛ ፍጥነት የሚበርሩ ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች በአንድ ፕላኔት መግነጢሳዊ መስክ ተጠምደው የሚከማቹበት ቀለበት መሰል ክልል ነው። ምድር ሁለት ዋና ዋና መቀነቶች አሏት፤ ውስጠኛውና ውጨኛው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ቫን አለን ስላገኛቸው በእሱ ስም ይጠራሉ። መቀነት የሚታሰረው ወገብ ላይ ነውና፣ እነዚህም የሚወፍሩት በምድር መግነጢሳዊ ወገብ ዙሪያ ነው። ይህ ወገብ ደግሞ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል።

አሶሳ አቅራቢያ ወደምትገኘው ጾሬ ሄዶ አንዲት የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደ ልቧ እንድትወዛወዝ በክር ያንጠለጠለ ሰው፣ መርፌዋ ከሞላ ጎደል አግድም ስትጋደም ያያል። አውሮፓ ውስጥ ብትሆን ጫፏ ወደ መሬት ይዘቀዘቅ ነበር፤ መግነጢሳዊው ዋልታ ላይ ደግሞ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጾሬ ላይ መጋደሟ የመስኩ መስመሮች በዚያ ሲያልፉ ከመሬቱ ጋር ትይዩ መሆናቸውን ያሳያል። ከዚያ በላይ በሺዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያልፉት መስመሮች ከደቡብ ተነስተው ሰሜን የሚያርፉ ታላላቅ ቅስቶች ናቸው፤ አናታቸውም የሚገኘው በዚሁ ወገብ ዙሪያ ነው።

ወጥመዱ የሚሠራው በሦስት እንቅስቃሴዎች ነው። መግነጢሳዊ መስክ የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን ቅንጣት የሚገፋው ከጎን ስለሆነ፣ ቅንጣቱ ካስማ ላይ እንደታሰረች ፍየል በመስመሩ ዙሪያ ይሽከረከራል። መስመሩን ተከትሎ ወደ ፊት መሄድን ግን የሚከለክለው የለም፤ ስለዚህ እየተጠማዘዘ ወደ ዋልታ ይገሰግሳል። እዚያ መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ መስኩም ይበረታል። ቦታው እንደ እንስራ አንገት እየጠበበ ሲሄድ ወደ ፊት የነበረው ፍጥነት ሁሉ ወደ መሽከርከር ይለወጥና ቅንጣቱ ለአፍታ ቆሞ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሌላው ዋልታ በኩልም የሚጠብቀው ይኸው ነው። በመስመሩ አቅጣጫ እጅግ ቀጥ ብሎ የሚጓዘው ብቻ ሳይመለስ ከባቢ አየር ውስጥ ይሰጥማል። ሦስተኛው እንቅስቃሴ የጎን መንሸራተት ነው። መስኩ ከምድር በራቀ ቁጥር ስለሚላላ የመሽከርከሪያው ክብ በውጭ በኩል ይሰፋል፣ በውስጥ በኩል ይጠባል፤ ኤሌክትሮኖች ወደ ምሥራቅ፣ ፕሮቶኖች ወደ ምዕራብ ይንሸራተታሉ። አንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ኃይል ያለው የውጨኛው መቀነት ኤሌክትሮን በሰከንድ ሺህ ጊዜያት ይሽከረከራል፤ ከሰሜን ደቡብ ለመመላለስ አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም፤ ምድርን ለመዞር ደግሞ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

የመቀነቶቹ መገኘት የተጀመረው በጸጥታ ነው። ጥር 23 ቀን 1950 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የጋይገር ቆጣሪ ይዛ ተወነጨፈች። ዝቅ ስትል ቆጣሪው በደንብ ይቆጥራል፤ ከፍ ስትል ዜሮ ያሳያል። መሣሪያው የተበላሸ ይመስል ነበር። በመጋቢት የተከተለችው ኤክስፕሎረር 3 መቅረጫ ስለነበራት ሙሉውን መዝገብ አመጣች፤ ዜሮው የጨረር እጦት ሳይሆን ቆጣሪውን ያፈነው የጨረር ብዛት እንደሆነም ታወቀ። ቫን አለን ውጤቱን ሚያዝያ 23 ቀን ይፋ አደረገ። የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ቬርኖቭ በስፑትኒክ ሳተላይቶች ላይ ተመሳሳይ መሣሪያ ልኮ ስለነበር፣ ዝናው ለአንድ ሰው ብቻ መቅረቱ ትንሽ ያስተዛዝባል።

በዚያው ዓመት፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በመሬት መንቀጥቀጥ ጥናታቸው ነው፤ ለዓለም ሳይንስ ግን የከተማዋ ትልቁ ስጦታ በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ መቀመጧ ነበር።

ሁለቱ መቀነቶች በባሕርይ አይመሳሰሉም። ውስጠኛው በአብዛኛው የፕሮቶን ነው፤ ዋናው ክፍሉም ከአንድ ሺህ እስከ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከሩቅ ሕዋ የሚመጡ ጨረሮች ከባቢ አየርን ሲመቱ ኒውትሮኖች ወደ ላይ ይፈናጠራሉ። ኒውትሮን ሙል ስለሌለው ወጥመዱ አይዘውም፤ ሆኖም ዕድሜው በአማካይ ሩብ ሰዓት ያህል ነውና አንዳንዱ መንገድ ላይ ፈርሶ ፕሮቶን ይወልዳል። ያ ፕሮቶን የተወለደው ወጥመዱ ውስጥ ነው፤ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። ውጨኛው የኤሌክትሮን መቀነት ደግሞ ተለዋዋጭ ነው፤ የፀሐይ ማዕበል በመጣ ቁጥር ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ አንዳንዴም ባዶ ይቀራል። ነሐሴ 24 ቀን 2004 ዓ.ም. የተወነጨፉት ሁለቱ የቫን አለን ሳተላይቶች ሥራ በጀመሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ሦስተኛ መቀነት አይተዋል። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ጠፋ።

የሰው ልጅ መቀነቶቹን ባወቀ በአራት ዓመቱ የራሱን ጨመረበት። አሜሪካ ሐምሌ 2 ቀን 1954 ዓ.ም. ከሰላማዊ ውቅያኖስ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ 1.4 ሜጋቶን የኑክሌር ቦምብ አፈነዳች። ከፍንዳታው የወጡት ኤሌክትሮኖች ተጠምደው ቀሩ። በማግስቱ የተወነጨፈችው የመገናኛ ሳተላይት ቴልስታር በቀጥታ ወደዚያ ገባች፤ በየካቲት 1955 ጨርሳ ጸጥ አለች።

ጠንካራ መስክ የሌላቸው ማርስና ቬነስ መቀነት የላቸውም። ጁፒተር በተቃራኒው ከሁሉም የበረታው አለው፤ በ2008 ዓ.ም. እዚያ የደረሰችው ጁኖ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዋን በቲታኒየም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ነው የምትዞረው።

ጾሬ ከወፍራሙ የመቀነቱ ክፍል ሥር ብትሆንም ከመቀነቱ የሚያመልጡ ቅንጣቶች አይወርዱባትም። ምክንያቱ የቅስቱ ቅርጽ ነው፤ አናቱ በዚህ ቢያልፍም እግሮቹ የሚተከሉት ወደ ዋልታዎቹ በሚያቀርቡ ሩቅ አገሮች ነው። የፀሐይ ማዕበል ወሬ ግን ይደርሳል። በማዕበል ጊዜ በዚሁ ወጥመድ ውስጥ የሚንሸራተቱ፣ ኃይላቸው አነስ ያለ ቅንጣቶች ምድርን የሚከብብ የኤሌክትሪክ ጅረት ይሠራሉ፤ ይህም በወገቡ ዙሪያ ያለውን መስክ ያላላል። ግንቦት 2016 በነበረው ታላቅ ማዕበል ቅናሹ 400 ናኖቴስላ ያህል ደርሷል። ማዕበሉን በቁጥር ለመለካት ዓለም የሚጠቀምባቸው አራት ጣቢያዎች በደቡብ አፍሪካ፣ በጃፓን፣ በሃዋይና በፖርቶ ሪኮ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ለወገቡ እጅግ ስለቀረበች ከእነሱ አልተቆጠረችም። ከራሷ በላይ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በየቀኑ እኩለ ቀን አካባቢ የሚጠነክር ሌላ ጅረት አለ፤ የእሱ ጩኸት የሩቁን ድምፅ ይውጠዋል። የአዲስ አበባን መዝገብ ተፈላጊ ያደረገውም ይኸው ጩኸት ነው።

ጾሬ ላይ ስልኩን አውጥቶ የቆመበትን ቦታ በካርታ የሚፈልግ ሰው ምልክቱን የሚቀበለው 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በውጨኛው መቀነት መሃል ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ 1፣ ከመቀነቶቹ በታች ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ እንድትዞር ተደረገች። ያም ሆኖ የምድር መግነጢስ ማዕከል ከምድር እምብርት 500 ኪሎ ሜትር ያህል የተዛባ በመሆኑ፣ ውስጠኛው መቀነት ከብራዚልና ከደቡብ አትላንቲክ በላይ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። በዋልታዎች በኩል የምትዞር ሳተላይት ምድር ከሥሯ ስትሽከረከር ያንን ቦታ በየቀኑ ደጋግማ ታቋርጣለች፤ የሀብል ቴሌስኮፕም እዚያ ሲደርስ ምልከታውን ያቆማል።